ዘይቱ እንደገና ፈሰሰ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ነዳጅ ዘይት ነው። ዘይት ስንል ወጥ የሚሠራበትን ማለታችን አይደለም። ከምድር ሆድ የሚወጣውን ጥቁር ዘይት ማለታችን ነው። በኩራዝ የሚበራው ላምባ፣ ወፍጮውን የሚያዞረው ናፍጣ፣ መኪና የሚነዳበት ቤንዚን፣ ሁሉም ከዚህ ጥቁር ዘይት ተጣርተው የሚገኙ ናቸው። ጥቅሙን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። እኛ ልንነግራችሁ የፈለግነው ዘይቱ በሚወጣበት አገር የሚኖሩ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ምን እንደ ደረሰባቸው ነው። ነገሩ አንድ ጊዜ ደርሶ ያለፈ አደጋ ቢሆን ኖሮ አዝነን እንተወው ነበር። ግን እየተመላለሰ የሚመጣ ነው። ይህን ለማስቆም የተነሡ ሰዎችን ያናደዳቸውም ይኸው መመላለሱ ነው።

ይህን ነገር የመረጥንበት ምክንያት አለን። መሬት ሲበላሽ ገበሬ ምን እንደሚሆን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። ሌላው ምክንያት ደግሞ የዚህ ነገር ትልቁ ክርክር የወረቀት ክርክር መሆኑ ነው። ማን ጻፈው? ምን ብሎ ጻፈው? ማን ፈረመበት? ፊደል ለቆጠረ ሰው ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እናስታውሳችሁ፤ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አገሩ ናይጄሪያ ነው። ናይጄሪያ በአፍሪካ በምዕራብ በኩል ያለች ሰፊ አገር ናት። ኒጀር የሚባለው ትልቅ ወንዝ ከጊኒ ተራሮች ተነሥቶ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከሄደ በኋላ በናይጄሪያ ደቡብ ወደ ባሕር ይገባል። ዓባያችን ግብፅ ደርሶ ባሕር ሊገባ ሲል እንደሚከፋፈል ሁሉ ኒጀርም ባሕሩ አጠገብ ሲደርስ ብዙ ቦታ ይከፋፈላል። በዚያ አገሩ ሁሉ ወንዝ፣ ረግረግና ደሴት ነው። በረግረጉ ላይ ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ ይበቅላል። ሥሩ እንደ ሸረሪት እግር ከውሃው በላይ ቆሞ ይታያል። ትንንሹ ዓሣ የሚያድገው በዚያ ሥር ተጠልሎ ነው። ሸርጣንና ቀንድ አውጣም እዚያው ይለቀማል፤ የአገሩ ሰው ይበላዋል፣ ይሸጠዋልም። በደረቁ መሬት ላይ ደግሞ ገበሬው ካሳቫና ቦዬ ይተክላል። ካሳቫ በእኛም አገር በወላይታና በጋሞ በኩል የሚታወቅ ሥር ነው።

በዚህ አገር ኦሎይቢሪ በምትባል መንደር በ1956 ዓ.ም. ነዳጅ ዘይት ተገኘ። በ1958 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር መሸጥ ተጀመረ። ከቆፈሩት ኩባንያዎች ዋናው ሼል የሚባለው፣ ያን ጊዜ የእንግሊዝና የሆላንድ የነበረው ኩባንያ ነው። ዘይቱ ከጉድጓድ ወጥቶ በብረት ቧንቧ እየሄደ ወደብ ይደርሳል፤ ከዚያ መርከብ ይጫናል። ቧንቧው በማን መሬት ያልፋል? በገበሬው እርሻ፣ በመንደሩ ጓሮ፣ ዓሣ በሚጠመድበት ረግረግ ያልፋል። ብረት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ማረሻ እንኳ በእርጥብ ቦታ ከተተወ ይዝጋል። ጨው ባለበት ውሃና ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት የተቀበረ ቧንቧ ካልተጠበቀና በጊዜው ካልተቀየረ ይበሰብሳል፤ መጋጠሚያውም ይላቀቃል። ያን ጊዜ ዘይቱ ይፈሳል።

የፈሰሰ ዘይት ምን ያደርጋል? አንድ ሲኒ ላምባ በሊጥ ላይ ቢደፋ ያን ሊጥ ማን ይጋግረዋል? ጥቁሩ ዘይት ደግሞ ከላምባ የባሰ ነው። በውሃ ላይ ሲፈስ ይንሳፈፋል። የባሕር ውሃ በቀን እየሞላና እየጎደለ ስለሚመላለስ፣ ዘይቱን ወደ ረግረጉ ያስገባዋል፣ መልሶ ያወጣዋል፣ ደግሞ ያስገባዋል። የማንግሮቩን ሥር ይለብሰዋል፤ ዛፉ ታፍኖ ይደርቃል። ዛፉ ሲደርቅ ዓሣው መጠለያ ያጣል። በእርሻ ላይ ሲፈስ ደግሞ አየር የሚገባበትን የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ሥር መተንፈስ ያቅተዋል። ዝናብ ሲመጣ ዘይቱ ወደ ታች እየሰረገ ከመሬት በታች ካለው ውሃ ይደርሳል። ከጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ ከብዙዎቹ መንደሮች ውስጥ የኦጎኒን ሕዝብ እንውሰድ። ኦጎኒዎች በቁጥር አነስተኛ የሆኑ፣ በእርሻና በዓሣ የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው። በመሬታቸው ዘይት የተገኘው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከመሬታቸው ብዙ ሀብት ወጣ፤ እነሱ ግን ንጹሕ ውሃም፣ መብራትም ሳያገኙ ቀሩ። ከዘይቱ ጋር የሚወጣው ጋዝ በየመንደሩ አጠገብ ቀንና ሌሊት ይነድ ነበር።

ከእነሱ መካከል ኬን ሳሮ ዊዋ የሚባል ደራሲ ነበረ። መጽሐፍ ጽፏል፤ አገሩ ሁሉ የሚወድለትን የቴሌቪዥን ድራማም ሠርቷል። በ1990 ዓ.ም. እሱና ሌሎች የኦጎኒ ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ። ጥያቄያቸውንም በጽሑፍ ለመንግሥት አቀረቡ። መሬታችን ይጽዳ፣ ከሀብታችን ድርሻ ይሰጠን አሉ። በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ 300,000 የሚገመት ሕዝብ ያለ አንዳች መሣሪያ ሰልፍ ወጣ። ጠቅላላው ኦጎኒ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነው ይባል በነበረበት ጊዜ ይህን ያህል ሰው መውጣቱን ልብ በሉ። በዚያው ዓመት ሼል ከኦጎኒ መሬት ዘይት ማውጣቱን አቆመ። ወታደራዊው መንግሥት ግን ሳሮ ዊዋን አሰረው። አራት የኦጎኒ መሪዎች በሰው እጅ ተገድለው ስለ ነበር፣ አስገድለሃል ተብሎ በልዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርዱ ፍርድ አይደለም ብሎ ዓለም ሁሉ ጮኸ። በ1995 ዓ.ም. በኅዳር ወር አካባቢ ከስምንት ጓደኞቹ ጋር ተሰቀለ።

ኩባንያው ዘይት ማውጣቱን ካቆመ መፍሰሱም ያበቃ ይመስላል፤ አይደለም እንዴ? አላበቃም። ከሌላ ቦታ የሚመጣውን ዘይት የሚያሳልፈው ትልቁ ቧንቧ በኦጎኒ መሬት ውስጥ ማለፉን አልተወም። ጉድጓዱ ተዘጋ፤ ቧንቧው ግን ሠራ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ነገር እንምጣ። በኦጎኒ ውስጥ ቦዶ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። በ2008 ዓ.ም. ያ ትልቅ ቧንቧ በቦዶ አጠገብ ተበሳ። ዘይቱ ወደ ረግረጉ ገባ። የመንደሩ ሰዎች በነሐሴ ወር አይተን ተናገርን አሉ። የኩባንያው ወረቀት ደግሞ መፍሰስ የጀመረው ከዚያ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው ይላል። እንደ መንደሩ ሰዎች ቃል፣ ቀዳዳው እስኪዘጋ ድረስ ዘይቱ ከሁለት ወር በላይ ሲፈስ ቆየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ እዚያው አጠገብ እንደገና ፈሰሰ።

ምን ያህል ፈሰሰ? ዘይት የሚለካው በበርሜል ነው። ይህ የመለኪያ በርሜል 159 ሊትር ይይዛል፤ ስምንት ትልልቅ ጀሪካን ያህል ማለት ነው። ኩባንያው በመጀመሪያው ጊዜ የፈሰሰው በጠቅላላው 1,640 በርሜል ነው ብሎ ጻፈ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ያማከራቸው የቧንቧ ዐዋቂዎች ግን ሲፈስ የተነሣውን ፊልም ተመለከቱ። እነሱ ያገኙት በቀን ከ1,440 እስከ 4,320 በርሜል ነው። በቀን! ኩባንያው ለስንት ቀን የጻፈው ቁጥር የእነሱን የአንድ ቀን ቁጥር የሚያህል ነው። ነገሩ ለንደን ፍርድ ቤት ቀርቦ ክርክር ከተጀመረ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ኩባንያው ራሱ ቁጥሩ ከእውነቱ ያነሰ መሆኑን አመነ።

ለምን እንዲህ ይሆናል ብላችሁ እንደምትጠይቁ እናውቃለን። የአገሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። ዘይት ሲፈስ የኩባንያው ሰዎች፣ የመንግሥት ሰዎችና የመንደሩ ተወካዮች አብረው ወደ ቦታው ሄደው ይመለከታሉ። ከዚያ አንድ ወረቀት ይሞላል። በምን ምክንያት ፈሰሰ? መቼ ጀመረ? ስንት በርሜል ነው? ምን ያህል መሬት ነካ? ይህ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ይጻፋል፤ ይፈረምበታል። ካሣ የሚከፈለው ወይም የሚከለከለው በዚህ ወረቀት ነው። ነገር ግን ቧንቧውን የሚያውቀው ኩባንያው ነው። መለኪያው በኩባንያው እጅ ነው። መንግሥት የላካቸው መርማሪዎች እንኳ ብዙ ጊዜ ወደ ቦታው የሚደርሱት በኩባንያው ጀልባና መኪና ነው። በእኛ አገር የሰው ከብት ማሳ ገብቶ ሰብል ቢበላ ገማች ሽማግሌ ይጠራል። የከብቱ ባለቤት ራሱ ገማች ሆኖ ቢመጣስ? ጥቂት ዘለላ ነው የበላው፣ እሱም ትናንት ማታ ነው ቢልስ? የዚያ አገር ተሟጋቾች የሚናደዱት በዚህ ነው።

በወረቀቱ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ምክንያቱ ነው። ቧንቧው በእርጅና ከፈነዳ ኩባንያው ካሣ ይከፍላል። ሌባ በስቶት ከሆነ ግን በአገሩ ሕግ ካሣ የለም። እዚህ ላይ እውነቱን ሳንደብቅ እንናገር። ሌቦች አሉ። ቧንቧ በስተው ዘይት የሚቀዱ፣ በጫካ ውስጥ በእሳት እያጣሩ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ እነሱም ወንዙን ያቆሽሻሉ፣ ብዙ ወጣቶችም በዚሁ ሥራ ተቃጥለው ሞተዋል። ኩባንያዎቹ አብዛኛው የሚፈሰው በዚህ የተነሣ ነው ይላሉ። ተሟጋቾቹ ደግሞ የሚሉት ሌላ ነው። ሌባ መኖሩን አንክድም፤ ግን ያረጀውም ቧንቧ ሲፈነዳ ሌባ በላው እየተባለ ይጻፋል፤ ቧንቧውንም ከሌባ መጠበቅ የባለቤቱ ሥራ ነው ይላሉ። በቦዶ የሆነው በሌባ አልነበረም። ይህን ኩባንያውም አልካደም።

ለቦዶ ሕዝብ መጀመሪያ ምን ቀረበለት መሰላችሁ? በ2009 ዓ.ም. 50 ከረጢት ሩዝ፣ 50 ከረጢት ባቄላና ይህን የመሳሰለ ምግብ ከጥቂት ገንዘብ ጋር ቀረበለት። ቦዶ ደግሞ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው የሚኖርባት ናት። ሰዎቹ ይህ አይሆንም ብለው እስከ ለንደን ሄደው ከሰሱ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ኩባንያው 55 ሚሊዮን የእንግሊዝ ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 35 ሚሊዮኑ ለ15,600 ሰዎች ተከፋፈለ። ለእያንዳንዱ ከ2,200 ፓውንድ በላይ ደረሰው ማለት ነው። ቀሪው ለመንደሩ ሆነ። ከሩዙ ከረጢት ወደዚህ ለመድረስ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀ።

ሌላ ክስም አለ። ጎይ፣ ኦሩማና ኢኮት አዳ ኡዶ ከሚባሉ ሦስት መንደሮች የመጡ ገበሬዎች በ2008 ዓ.ም. በሆላንድ አገር ክስ አቀረቡ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለጎይና ለኦሩማ ገበሬዎች የፈረደላቸው በ2021 ዓ.ም. ነው። በ2022 ዓ.ም. ኩባንያው ለሦስቱ መንደሮች 15 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ተስማማ። አሥራ አራት ዓመት ነው። ክስ ካቀረቡት ገበሬዎች መካከል ፍርዱን ሳያዩ የሞቱ አሉ፤ ልጆቻቸው ናቸው ክርክሩን የጨረሱት። አባት የጀመረውን የመሬት ክርክር ልጅ ሲጨርስ በእኛም አገር ብዙ አይተናል።

አሁን ደግሞ እናንተን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ እሱም የእርሻ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ድርጅት የኦጎኒን መሬት መርምሮ መጽሐፍ አወጣ። ምርመራው 14 ወር ፈጀ። ከ200 በላይ ቦታዎች ተመረመሩ። ኩባንያው ዘይት የፈሰሰበትን መሬት አጽድቻለሁ የሚለው በምን ነበር? ብዙ ጊዜ አፈሩን በመገልበጥ ነው። አፈሩ ይገለበጣል፣ ይቆለላል፣ አየርና ፀሐይ ዘይቱን ያጠፋዋል ተብሎ ይተዋል። ላዩ ሲታይ የታረሰ መሬት ይመስላል። መርማሪዎቹ ግን ወደ ታች ሲቆፍሩ በብዙ ቦታ አምስት ሜትር ድረስ ዘይት አገኙ። የእናንተ ማረሻ ስንት ስንዝር ይገባል? አምስት ሜትር የወረደን ዘይት በመገልበጥ ማን ያወጣዋል? ኩባንያው ጨርሻቸዋለሁ ካላቸው ቦታዎች መርማሪዎቹ 15ቱን አዩ፤ አሥሩ አልጸዱም ነበር። ኤጃማ ኤቡቡ በሚባል ቦታ ደግሞ በ1970 ዓ.ም. የፈሰሰ ዘይት ከ40 ዓመት በኋላ እዚያው አፈር ውስጥ ተገኘ። ተደጋግሞ ጸድቷል የተባለ ቦታ ነው።

ውሃውስ? ኒሲሲኦከን ኦጋሌ በሚባል መንደር ሰው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ተመረመረ። ነቀርሳ የሚያመጣ አንድ ከነዳጅ የሚወጣ መርዝ፣ የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው ልክ ከ900 ጊዜ በላይ በልጦ ተገኘ። ሰዎቹ ውሃው እንደሚሸት ያውቁ ነበር። ምን ያድርጉ? ሌላ ውሃ አልነበራቸውም። መጽሐፉ ኦጎኒን አጽድቶ ለመጨረስ ከ25 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል፤ ለመጀመሪያው ሥራ ብቻ አንድ ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል አለ። ከዚያም ከሁሉ በፊት መፍሰሱ መቆም አለበት አለ። ቤት ጣራው እያፈሰሰ ወለል መጥረግ ከንቱ ነውና።

ታዲያ ተሟጋቾቹን እናስብ። በናይጄሪያ ከታወቁት አንዱ ኒሞ ባሴይ ይባላል። ሙያው የሕንፃ ንድፍ ነው፤ ግጥምም ይጽፋል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዘይት በፈሰሰበት ቦታ ሁሉ እየተገኘ ሲናገርና ሲጽፍ ኖሯል። በ2010 ዓ.ም. ለዚህ ሥራው ትልቅ የዓለም ሽልማት ተሸልሟል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይሰማዋል ብለን እኛ እርስ በርሳችን ተነጋግረናል። አንድ ሰው ለአንድ በደል አንድ አቤቱታ ቢጽፍና መልስ ቢያጣ ያዝናል። እነዚህ ሰዎች ግን ለሠላሳ ዓመት ያንኑ አቤቱታ መልሰው መላልሰው ይጽፋሉ። የመንደሩ ስም ይለወጣል፣ ዓመቱ ይለወጣል፤ የቀረው ቃል ያው ነው። ዘይት ፈሰሰ፣ ዓሣው ሞተ፣ እኛ ተናገርን፣ ሰው ዘግይቶ መጣ። በ2021 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኔምቤ በሚባል ቦታ የሌላ ኩባንያ የሆነ ጉድጓድ አፉ ተከፍቶ ከአንድ ወር በላይ ዘይትና ጋዝ ወደ ወንዙ ሲረጭ ቆየ። ያን ጊዜም ያንኑ አቤቱታ ጻፉ።

በእኛ አስተያየት የመመላለሱ ምክንያት የተደበቀ አይደለም። ቧንቧ መቀየር ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፤ ገንዘቡም ዛሬውኑ ይወጣል። ካሣ ግን ቢከፈልም ከስንት ዓመት ክርክር በኋላ ነው። መንግሥትም ከዘይቱ ሽያጭ ትልቅ ድርሻ ስላለው ቧንቧው እንዲዘጋ አይፈልግም። የዘገየ ሁሉ የሚጠቅመው ቧንቧ ላለው ነው፤ የዘገየ ሁሉ የሚጎዳው ጉድጓዱ ለተበላሸበት ነው።

ጭራሽ ምንም አልተሠራም ብንል ግን ሐሰት ይሆናል። የኦጎኒ ጽዳት በ2016 ዓ.ም. በሥነ ሥርዓት ተከፈተ፤ የአፈሩ ሥራ የተጀመረው በ2019 ዓ.ም. ነው። ለአንዳንድ መንደሮችም የመጠጥ ውሃ ገብቷል። ሥራው ቀስ ያለ ነው፤ ብዙ ነቀፌታም አለበት። በ2025 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ሼል በናይጄሪያ የብስ ላይ የነበረውን ሥራ ለሌሎች ኩባንያዎች ሸጦ ጨረሰ። ተሟጋቾቹ የድሮውን ቆሻሻ ማን ያጸዳዋል ብለው ሽያጩን ተቃውመው ነበር። ሽያጩ ካለቀ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ያው ትልቅ ቧንቧ በቦዶ አጠገብ ፈነዳ፤ እሳትም ተነሣ።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ለሳሮ ዊዋና ለስምንቱ ጓደኞቹ ከሞቱ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ምሕረት ሰጡ፤ የክብር ሽልማትም ሰጧቸው። ብዙ የኦጎኒ ሰዎች በሽልማቱ ደስ ቢላቸውም በምሕረቱ አልረኩም። ምሕረት የሚሰጠው ላጠፋ ሰው ነው፤ እነሱ ምን አጠፉ? የሚፈልጉት ፍርዱ ሐሰት ነበር ተብሎ በወረቀት እንዲጻፍ ነው። መንግሥት ደግሞ በኦጎኒ የቆመው ዘይት እንደገና ይውጣ የሚል ንግግር ጀምሯል። ከሕዝቡ ውስጥ ይውጣ የሚሉ አሉ፤ ሥራ ይገኛል ብለው ነው። ሌሎቹ ደግሞ መጀመሪያ አፈሩና ውሃው ይጽዳ፣ ስለ ዘይቱ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን ብለው እየጻፉ ነው።